ተዘርግቶ የቀረ እጅ

«እጄን ዘርግቼ ቆሜ ቀረሁ እኮ!» አለ የሚሊሜትር ታናሽ ወንድም ከግድግዳው ወዲያ። «ያውም ደንበኞቹ እያዩኝ። ሰው የገዛ ወንድሙን እንዲህ ይንቃል? እሺ፣ እኔ የቧንቧ ሠራተኛ ነኝ፣ እጄ ዝገት ዝገት ይሸታል፤ ግን እኮ ታጥቤ ነው የሄድኩት።»

ሚሊሜትር መቀሱን ጨርቁ ላይ ገትቶ ጆሮውን አቆመ። ስሙን ያወጣለት ሰፈሩ ነው፤ ልብስ ሰፊ ነው፣ የኮት እጅጌ በአንዲት ሚሊሜትር ከተዛነፈ ፈትቶ እንደገና ይሰፋል፣ ይህንንም ለጠየቀውም ላልጠየቀውም ሲናገር ይውላል። ሱቁንና ቤቱን የሚለያቸው ስስ የጣውላ ግድግዳ ነው፤ በወዲህ በኩል እሱና ሴት ልጁ ይቆርጣሉ ይሰፋሉ፣ በወዲያ በኩል ሚስቱ ታበስላለች፣ ትጠርጋለች፣ እንግዳ ታስተናግዳለች፣ እሱንም ታማለች። ቢያንስ እሱ የሚያምነው እንደዚያ ነው። አሁን የሰማው ግን ከሐሜትም የባሰ ሆነበት። ወንድሙ ትናንት ከሰዓት በኋላ ሱቅ መጥቶ ነበር፤ አዎ። ቆሟል፣ አውርቷል፣ ፊቱን አጥቁሮ ወጥቷል። እጅ የሚባል ነገር ግን አልዘረጋም። ቢዘረጋማ ሚሊሜትር ያየው ነበር፤ እሱ ያላየው ነገር ደግሞ አልነበረም ማለት ነው። ይኸው አሁን ዓይኑን በጨው አጥቦ ከሰው ቤት ቁጭ ብሎ፣ የሰው ሻይ እየጠጣ፣ የሰው ስም ያጠፋል!

«ተወው እስቲ፣ አንተን ብቻ መሰለህ?» አለች ሚስቱ። «እኔስ ብርጭቆ ሳቀብለው አየር ላይ ይተወኝ የለ?»

«ለዚሁ እኮ ነው የመጣሁት። የዓይን ሐኪሟ ለታላቅ እህታችን ለእትዬ ግልጽ አድርጋ ነግራታለች። ያንቺ በሽታ ግላኮማ ነው፣ በዘር ይወርዳል፣ ወንድሞችሽ ሁሉ ይታዩ ብላታለች። እኔ ታየሁ፣ ለጊዜው ደህና ነህ፣ በየዓመቱ ግን እየመጣህ ታይ አሉኝ። ለእሱም ለዛሬ ቀጠሮ ይዤለታለሁ። ግን በምን አፌ ልንገረው?»

ሚሊሜትር ከዚህ በላይ አልታገሠም። በመሐል ያለችውን በር በርግዶ ገባና በቀኝ ትከሻው የቁምሳጥኑን ክፍት በር ገጨው። ያ ቁምሳጥን ጠላቱ ነው። ሚስቱ ሆነ ብላ ክፍቱን ትተወዋለች ብሎ ካመነ ቆይቷል፤ ሻዩን የትም ሰው ብርጭቆ በማያስቀምጥበት በቀኙ በኩል እንደምታስቀምጠው፣ ልጁም ዱካውን ከመተላለፊያው መሐል እንደምትጎልተው ሁሉ። ሚስቱ ድሮ ድሮ ትከራከረው ነበር። አሁን ዝም ብላ ተነሥታ የቁምሳጥኑን በር ዘጋችው፣ ዝም ብላ ተመልሳ ተቀመጠች። ወንድሙም ሻዩን አቀርቅሮ ያይ ጀመር። በዚያ ቤት እንዲህ ያለው ዝምታ ከዕቃው እኩል ቦታ ይዞ ይኖራል፤ ማንም አያነሣውም፣ ሁሉም ዞሮት ያልፋል።

ሚሊሜትር ከኮቱ ኮሌታ ላይ ሰክቶ የሚይዛትን ቀጭን መርፌ ነቀለ፣ ከኪሱ ክር መዘዘ፣ ጫፉን በከንፈሩ አረጠበ፣ መርፌዋን ወደ መስኮቱ ከፍ አድርጎ በአንድ ጊዜ ሰካው። አባቱም ልብስ ሰፊ ነበሩ፤ በዚያ ቤተሰብ የዓይን ምርመራ ማለት ይህ ነው። ገና ልጆች ሳሉ እሱን፣ እትዬንና ወንድሙን በተራ አሰልፈው መርፌ ያስይዟቸው ነበር፤ ቶሎ የሰካ ዓይኑ ደህና ነው፣ የተንቀጠቀጠ ካሮት ይብላ። ቤቱ ሌላ ሐኪም አያውቅም።

«ይኸው!» አለ መርፌውን ከነክሩ በወንድሙ አፍንጫ ሥር እያወዛወዘ። «በዚህ ዕድሜዬ፣ ያለ መነጽር! የዓይን በሽታ የሚባለው ይህ ከሆነ ለሁላችሁም ይስጣችሁ። እትዬ ቀኑን ሙሉ ቴሌቪዥን ላይ አፍጥጣ ዓይኗን ጨረሰችና በዘራችን አመካኘች። ሐኪሞቹስ? በሽታ ካላገኙ ምን ይበላሉ?»

«ወንድም ጋሼ፣ እትዬም እኮ መርፌ ትሰካለች...»

«ዝም በል! አንተ ትናንት እጅህን ዘርግተሃል?»

«ዘርግቻለሁ።»

«እሺ። እሄድልሃለሁ። ሄጄ ዓይንህ የንስር ነው ብለውኝ ስመለስ ግን፣ አንተ እዚሁ ወንበር ላይ ቁጭ ብለህ ትጠብቀኛለህ። እጄን አልዘረጋሁም፣ ዋሽቻለሁ ትላለህ። በእትዬም ፊት ትደግመዋለህ።»

«አብሬህ ልሂድ?»

«ምን፣ እጄን ይዘህ ልትመራኝ?»

ሱቁ ውስጥ ልጁ ይህን ሁሉ እየሰማች ማሽኗን ሳታቆም ትስቅ ነበር። ሠላሳን ያለፈች፣ እጇ እንደ አባቷ የማይስት ሴት ናት፤ ሙያውንም ንቀቱንም አንድ ላይ ነው የወረሰችው። ሱሪውን ሊያሳጥር የመጣ አንድ ደንበኛ ዋጋው ተወደደ፣ ከመንገዱ ማዶ ያለው ሰፊ በግማሽ ይሠራልኛል ይላታል። «እሱ ጋ ይሂዱ» አለችው ቀና ሳትል፤ «አንዱ እግር ሲያጥርብዎ ሌላውን እኛ ጋ ያመጡታል።» ሚሊሜትር ከበሩ ላይ ሆኖ ልቡ ሞቀ። ልጅ ማለት እንዲህ ነው። እሷም ወደ እሱ ዞር ብላ፣ «አባዬ፣ ለነሱ ብለህ የሥራ ቀን ታቃጥላለህ?» አለችው፤ እሱም «አፋቸውን ላስይዝ ነው» ብሏት ወጣ።

ከተማው ሥርዓት ካጣ ሰነባብቷል። ድሮ ሰው ከሩቅ እየታየ ይመጣ ነበር፤ የዘንድሮ ሰው ግን ከመሬት ይበቅላል። ሚሊሜትር አሁን አሁን የግንብ ጥግ ይዞ መሄድ የሚመርጠው ለዚህ ነው፤ ቢያንስ ግንብ አይበቅልም። የኮቱ ቀኝ ትከሻ ከግንቡ ጋር ሲታከክ ሳስቶ ሁለት ጊዜ ጠቃቅሞታል፣ ሁለቱንም ጊዜ የዘንድሮን ጨርቅ ረግሟል። የሰው ኮት በሚሊሜትር የሚለካው ጌታ፣ የራሱ ኮት ለምን በአንድ ጎኑ ብቻ እንደሚያልቅ አንድ ቀን እንኳ ቆም ብሎ አልጠየቀም። የአትክልት መሸጫው ጋ ሲደርስ አንዲት ሴትዮ ከነዘንቢሏ ከጎኑ በቀለችበት። ተጋጩ፣ ሽንኩርቷ ተበተነ። «ሴትዮ፣ ዓይን የለሽም?» አላት። ሴትዮዋ አፏን ከፍታ ቀረች፤ «ቆሜ እኮ ነው የመጣህብኝ!» ስትለው እሱ አልፏት ሄዷል። መንገድ ሲሻገርም አንድ ታክሲ ጎማው እስኪጮህ ፍሬን ያዘ። ሹፌሩ አንገቱን አውጥቶ እናት አባቱን አነሣለት። ሚሊሜትር ቆም ብሎ የመንጃ ፈቃድ የሚሰጡትን ሰዎች ጭምር ሰደበና መንገዱን ቀጠለ። ልቡ ሙሉ ነበር፤ ዛሬ ሁሉም ዋጋውን ያገኛል።

ክሊኒኩ አንድ ፎቅ ላይ ነው፤ ነጭ ግድግዳ፣ የፕላስቲክ ወንበሮች፣ ጥግ ላይ ውኃ የጠማት የማሰሮ አበባ። ተራ ጠባቂዎቹን ከላይ እስከ ታች ገመገማቸው። አንዲት ወጣት ስልኳን ከዓይኗ ጋር አጣብቃ ታነባለች፤ እንዲህ እያደረገች ዓይኗ ባይታመም ነበር የሚገርመው። አንድ ሽማግሌን ልጃቸው ክንዳቸውን ይዛ ታስቀምጣለች፤ እሳቸውስ ይሁን፣ አርጅተዋል። አጠገቡ የተቀመጠው ጥቁር መነጽር ያደረገ ጎልማሳ ግን ጤነኛ ይመስላል።

«ምንህን ነው?» አለው ጎልማሳው የወንበሩን ድምፅ ሰምቶ ወደ እሱ ዞሮ።

«እኔ? ምንም። ወንድሜን ላሳፍር ነው የመጣሁት።»

«እኔም ምንም አልነበረኝም» አለ ሰውየው።

ሐኪሟ ልጁን የምታክል ሴት ናት፤ ይህም አልጣመውም። ፊደል የተደረደረበት ሰሌዳ ፊት አስቀመጠችውና አንድ ዓይኑን ሸፍኖ እንዲያነብ ነገረችው። ከላይ እስከ ታች አንበለበለው። ሌላውንም ዓይን እንዲሁ። ከመጨረሻው መስመር ሥር በትንሹ የተጻፈውን የማተሚያ ቤት ስም ጨምሮ አነበበላትና፣ ይህ አልበቃ ብሎት ከኮሌታው መርፌዋን ነቅሎ በፊቷ ክር ሰካ። ሐኪሟ ፈገግ አለች። «ጎበዝ ነዎት፣ አባባ። መሐሉ ደህና ነው» አለች። መሐሉ! የምን መሐል? ሰው ምስጋና ሲነፍግ እንዲህ ነው። ቀጥላ የሚያደነዝዝ ጠብታ ጨመረችለትና ሰማያዊ ብርሃን ያለው መሣሪያ አስጠግታ የዓይኑን ግፊት ለካች። እንደገና ለካች። ከዚያ ወደ ሌላ ክፍል ላከችው።

እዚያ ክፍል ውስጥ የጎድጓዳ ሳህን ቅርጽ ያለው ትልቅ ነጭ ማሽን አለ። ማሽኑን የምታሠራው ልጅ አንድ ዓይኑን በጨርቅ ሸፈነችለት፣ አገጩን ማስደገፊያው ላይ አስቀመጠችለት፣ እጁ ላይ ቁልፍ ሰጠችው። «መሐል ያለችውን ነጥብ ብቻ ይመልከቱ። ዙሪያውን ብርሃን ብልጭ ባለ ቁጥር ቁልፉን ይጫኑ። ዓይንዎን እንዳያዞሩ» አለችና መብራቱን አጠፋች። ሚሊሜትር ተዘጋጀ። አውራ ጣቱን ቁልፉ ላይ አስቀምጦ እንደ ተኳሽ ጠበቀ። ነጥቧ አጠገብ ብልጭ አለ፤ ተጫነ። ደግሞ ብልጭ አለ፤ ተጫነ። ከዚያ ዝም። ማሽኑ ሲጥ ሲጥ ይላል፣ ብርሃን ግን የለም። ጠበቀ። ልጅቷ ስልኳን እየነካካች ይሆናል ብሎ አሰበ። በየመሥሪያ ቤቱ ያለው ሁሉ ይኸው አይደል፤ ዕቃ ያስመጣሉ፣ ሲበላሽ የሚጠግን የለም።

«የኔ እህት፣ አምፖላችሁ ተቃጥሏል» አላት።

«አልተቃጠለም፣ አባባ። እየሠራ ነው።»

«ልብ ብለሽ እዪው እንጂ! አንድም የሚበራ ነገር የለም።»

«እየበራ ነው» አለች ልጅቷ፤ ድምፅዋ ቅድም ከነበረው ለስልሶ። «ግድ የለም፣ ያዩትን ብቻ ይጫኑ።»

የድምፅዋ መለስለስ ነው ያስፈራው፤ ሰው ለበሽተኛ ካልሆነ እንዲያ አያወራም። ነጥቧ ላይ አፍጥጦ፣ ዙሪያው በሙሉ ነጭና ባዶ ሆኖ፣ ቁልፉን እንደያዘ ቆየ። አንዴ በድፍረት ሳያይ ተጫነ፤ ማሽኑ አልተታለለለትም።

ሐኪሟ የታተመውን ውጤት ጠረጴዛው ላይ አኖረችለት። ሁለት ክቦች ናቸው። የቀኙ ከመሐል ካለች ትንሽ ነጭ በቀር ጥቁር ነው፤ የግራው ዳር ዳሩን ተበልቷል። ጥቁሩ ምን እንደሆነ ጠየቃት፤ ያላየው እንደሆነ ነገረችው።

«ግን እኮ ጥቁር ነገር አይታየኝም። ሁሉም ሙሉ ነው የሚታየኝ።»

«ጨለማ ሆኖ አይታይም። አንጎልዎ ይሞላዋል፤ አጠገቡ ግድግዳ ካለ በግድግዳ፣ ሰማይ ካለ በሰማይ። እንደ እርስዎ ያለ ጥሩ ሰፊ ነው፣ ጠቅሞ ስፌቱን ይደብቀዋል። ግላኮማ ይባላል። ዓይን ውስጥ ያለው ግፊት ነርቩን ቀስ በቀስ ይገድለዋል፤ የሚጀምረው ከዳር ነው፣ መሐሉን የሚነካው በመጨረሻ ነው። ለዚህ ነው ፊደሉን ያነበቡት፣ መርፌውንም የሰኩት።»

«ታዲያ ለምን አላመመኝም?»

«አያምም፣ አባባ። ክፋቱም እሱ ነው። በየዓመቱ ታይተው ቢሆን ኖሮ ገና ሲጀምር እንደርስበት ነበር። የሄደው አይመለስም። የቀረውን ግን ማቆየት እንችላለን፤ ጠብታውን በየቀኑ፣ ዕድሜ ልክዎን፣ አንድም ቀን ሳያቋርጡ። ልጅ አለዎት?»

«አንዲት ሴት። አብራኝ ትሠራለች። የሷን ዓይን ተዪው፣ መርፌ በአንድ ጊዜ...» ብሎ ቃሉን ሳይጨርስ ቀረ። ሐኪሟም አቀርቅራ የጠብታውን ማዘዣ ጻፈች።

ከክሊኒኩ ሲወጣ አንገቱን ግራና ቀኝ እያዞረ ነበር የሚሄደው። ለካ ዓለም ጎን አለው። በስተቀኙ ብስክሌት፣ የቆመ ጋሪ፣ የመብራት ምሰሶ፣ ፊቱን ያላየለት ስንት ሰው አለ። ሁሉም ሲዞር ብቻ ይመጣሉ፣ ፊቱን ሲመልስ ይሄዳሉ። አትክልት መሸጫው ጋ ቆሞ ሴትዮዋን ፈለጋት፤ በእርግጥ እስካሁን ሽንኩርት ስትለቅም አትጠብቀውም። አፈረ። ከፍርሃቱ ይልቅ ኀፍረቱ ባሰበት። ዱካው፣ ቁምሳጥኑ፣ አየር ላይ የቀረው ብርጭቆ፤ በነዚህ ሁሉ ስንት ቀን ቤቱን ሲያሸብር ኖሯል! እትዬን ደግሞ በቴሌቪዥን! መድኃኒት ቤት ገብቶ ጠብታውን ሲገዛ ሻጩ ዋጋውን ነገረው፤ ከደንበኞቹ ጋር የሚከራከር ሰው ያለ አንዳች ቃል ከፈለ። በሩ ላይ ሲወጣ ከሰው ጋር ተጋጨ። «ዓይን...» ብሎ ጀመረና ዋጠው። የተጋጨው ሰው ግን አልዋጠለትም፤ «ዓይን የለህም እንዴ፣ ሰውዬ?» ብሎት አለፈ።

ወንድሙ እዚያው ወንበር ላይ ነበር፤ ታዝዞ ሳይሆን ተጨንቆ። ሚስቱ ምሳ አቅርባ ማንም አልነካውም። ልጁ መተላለፊያው ላይ ተደግፋ ቆማለች። ሚሊሜትር ቁምሳጥኑን አንገቱን አዙሮ አይቶት አለፈና ቆሞ ነገራቸው፤ ቀኙ ሊጠፋ ነው፣ ግራው ተጀምሯል፣ የሄደው አይመለስም። ንግግሩ ይኸው ነበር። ሚስቱ አፏን በእጇ ያዘች። ወንድሙ፣ ያ ተንኮለኛ፣ ያ ስም አጥፊ የተባለው፣ ደስ ይለው ዘንድ ስንት ምክንያት ያለው ሰው፣ ዓይኑ እንባ አቅርሮ ወለሉን አየ። ይቅርታ ለመጠየቅ ጥሩ ጊዜ ነበር፤ ሚሊሜትር ግን ይቅርታ የሚባለውን ሙያ አልተማረም። ወደ ልጁ ዞሮ፣ «ነገ አንቺም ትታያለሽ» አላት።

«እኔ?» ልጅቷ ሳቀች። ከአባቷ ኮት ኮሌታ ላይ መርፌዋን ነቀለች፣ ክሩን አረጠበች፣ ወደ መስኮቱ ከፍ አድርጋ በአንድ ጊዜ ሰካችው። «ይኸው! ያለ መነጽር! አባዬ፣ አንተም አመንካቸው? በሽታ ካላገኙ ምን ይበላሉ?»

ቃሉ የሱ ነው። አፍንጫዋን የነፋችበት አነፋፍ፣ መርፌውን የምታወዛውዝበት አወዛወዝ፣ ሁሉ የሱ ነው። ከውጭ ሆኖ ሲሰማው እንዴት ያለ አስጠሊታ ድምፅ ነው! ሠላሳ ዓመት ሙሉ ያስተማራት እሱ፣ አሁን አይደለም ቢላት እንደማትሰማው ያውቃል። እሱም አልሰማም ነበር። እትዬም መርፌ ትሰካለች ሲሉት አልሰማም።

«መርፌዋን እንደያዝሽ ቁሚ» አላት። ወንበር ስቦ ፊት ለፊቷ ተቀመጠ። «አንተ ደግሞ ና፣ በቀኜ በኩል ቁም። እጅህን ዘርጋልኝ። እኔ ዓይኔን ከመርፌዋ አልነቅልም። እጅህን ሳይ አየሁ እላለሁ። አንቺ ፍረጂ።»

ወንድሙ ተነሥቶ ሲመጣ ኮቴው ተሰማ። ሚሊሜትር መርፌዋ ላይ አፈጠጠ። ኧረ እንዴት አጥርቶ ነው የሚያያት! ቀዳዳዋ፣ በውስጧ ያለፈው ክር፣ የልጁ አውራ ጣት ላይ ያለው የመርፌ ጠባሳ ሳይቀር ይታየዋል። ጠበቀ። ምንም የለም። መስኮቱ አለ፣ ግድግዳው አለ፣ እጅ ግን የለም። ወንድሙ ከቆመበት አልተንቀሳቀሰም። የጠዋቱ ንዴት ተመለሰበት፤ ይህ ሰው ዛሬም፣ በዚህች ሰዓት እንኳ ያኮርፋል?

«ዘርጋ እንጂ! ምን ትጠብቃለህ?»

«ዘርግቻለሁ እኮ፣ ወንድም ጋሼ» አለ ወንድሙ ቀስ ብሎ። «ከዘረጋሁ ቆየሁ።»

ልጅቷ የአጎቷን እጅ አየች፤ ከአባቷ ጉንጭ አጠገብ፣ ጣቶቹ ተከፍተው፣ ሊነካው ትንሽ ቀርቶታል። ከዚያ የአባቷን ዓይን አየች፤ እዚያችው መርፌ ላይ እንደተተከለ ነበር። ሚሊሜትር አንገቱን ሙሉ በሙሉ ወደ ቀኝ አዞረና የወንድሙን እጅ አገኘው። በሁለት እጁ ያዘው። ዝገት ዝገት ይሸታል።

ልጅቷ መርፌዋን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

«ክሊኒኩን ጠዋት ስንት ሰዓት ነው የሚከፍቱት?» አለች።